የጣና ዳር ገበታና የአንጀት ባክቴሪያ፦ የደም ስኳርን፣ ስብንና የደም ግፊትን ለመጠበቅ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በሰው ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቁጥራቸው ከራሳችን ሕዋሳት ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ስሌት ወደ 38 ትሪሊዮን ገደማ አድርሷቸዋል። ዋናው ምግባቸው እኛ ራሳችን ልንፈጨው የማንችለው የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት ክፍል፣ ማለትም አሰር ወይም በተለምዶ ፋይበር የምንለው ነው። አሰሩን ሲያብላሉት አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡታይሬት የተባሉ አጫጭር የስብ አሲዶችን ይሠራሉ። ቡታይሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና የኃይል ምንጭ ነው፤ እነዚህ አሲዶች በአንድነት ደግሞ አንጀት የጥጋብ ስሜትንና የኢንሱሊንን ሥራ የሚያግዙ ሆርሞኖችን እንዲያመነጭ ይቀሰቅሳሉ። አሰር ሲጠፋባቸው ግን ከፊሎቹ፣ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት እንደታየው፣ የአንጀትን ግድግዳ ሸፍኖ የሚከላከለውን ዝልግልግ ሽፋን መብላት ይጀምራሉ።

ይህ መመሪያ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚኖር፣ የደም ስኳሩ ወይም የወገቡ ልክ ማሳሰብ ለጀመረው ጎልማሳ የተዘጋጀ ነው። ባክቴሪያን በእንክብል ገዝቶ ከመዋጥ ይልቅ በውስጥ ያሉትን መቀለብ ይሻላል፤ ለዚህ የሚሆነው ቀለብም ከሞላ ጎደል በአካባቢው ገበያ ሲገኝ፣ ከወፍጮ ቤት እስከ ገበታ ባለው መንገድ ላይ ግን እየተቀነሰ ይመጣል። አምስተርዳም ውስጥ በተደረገ ጥናት ከቀጫጭን ሰዎች የተወሰደ የአንጀት ባክቴሪያ ውፍረትና የስኳር መዛባት ለነበረባቸው ወንዶች ሲሰጥ፣ ኢንሱሊናቸው በስድስተኛው ሳምንት የተሻለ ሠርቶ ነበር፤ በ18ኛው ሳምንት ሲታይ ግን ለውጡ አልቆየም። እንግዳ ባክቴሪያ አስገብቶ ገበታን እንደነበረ መተው ብዙ እንደማያራምድ ይህ በቂ ፍንጭ ይሰጣል።

አንደኛ፦ መነሻውን ይለኩ

ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ያሉበትን ይወቁ። ወገብዎን በሜትር ሲለኩ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት የላይኛው ጫፍ መካከል ላይ፣ ትንፋሽዎን በዝግታ አውጥተው፣ ሆድዎን ሳይስቡ ይሁን። በብዛት የሚሠራበት ወሰን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በላይ መሆን በሆድ ዕቃ ዙሪያ ስብ መጠራቀሙን ያመለክታል። ቀጥሎ በአቅራቢያዎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ የደም ግፊትዎንና ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ የደም ስኳርዎን ይለኩ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ጤናማ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው የቅድመ ስኳር ደረጃ ሲሆን፣ 126 እና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት በሌላ ቀን ተደግሞ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው። አቅም ከፈቀደ የሦስት ወር የስኳር አማካይና ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ቢጨመሩ መልካም ነው። ውጤቱን ከነቀኑ በደብተር ይጻፉ።

ሁለተኛ፦ የአንድ ሳምንት ገበታዎን ይመዝግቡ

ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ ሙሉ ሳምንት የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ ያለ ይሉኝታ ይጻፉ፤ መንገድ ላይ የቀመሱት ቆሎና ሻይ ቤት የጠጡት ሻይም አይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግብ ማግኘት አለበት። ለማነጻጸር ያህል፣ በ100 ግራም ደረቅ ጤፍ ውስጥ 8 ግራም ገደማ፣ በተመሳሳይ መጠን የተቀቀለ ምስር ወይም ሽምብራ ውስጥም እንደዚያው 8 ግራም ገደማ አሰር አለ። ዘይቱን 5 ግራም፣ የበሰለ ጎመን 4 ግራም ያህል ሲሰጡ፣ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ደረቁ ከ1 ግራም ብዙም አያልፍም። ተልባ ሁሉንም ይበልጣል፤ በ100 ግራም 27 ግራም ነው።

ከመዝገቡ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው በሳምንት ውስጥ ስንት ዓይነት እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንደበሉ ነው፤ የተለያዩ ባክቴሪያዎች የተለያየ አሰር ስለሚሹ ዓይነት ማብዛት ከአንዱ ምግብ ብዙ ከመብላት ይሻላል። ሁለተኛው በፈሳሽ መልክ የሚገባ ስኳር ነው።

ሦስተኛ፦ ዱቄቱን ያስተካክሉ

ጤፍ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ እንደ ስንዴ ገለባውን ነጥሎ መፍጨት አይቻልም፤ ማኛውም፣ ሰርገኛውም፣ ቀዩም ከነልባሱ ይፈጫል። ስለዚህ አሰር ፍለጋ ለነጩ ጤፍ ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም። በጣና ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ ግን ሩዝን ከጤፍ ቀላቅሎ ማስፈጨት በአካባቢያችን የተለመደ ሆኗል። እንጀራው ይነጣል፣ ወጪውም ይቀንሳል፤ በዚህ ኑሮ ማንም ሰው በዚህ ሊወቀስ አይገባም። ሆኖም ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ዱቄት በ100 ግራም የሚሰጠው አሰር ከ8 ወደ 5 ግራም እንኳን ወደማይሞላ ልክ ይወርዳል፣ ሩዙም ቶሎ ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርች ይጨምራል። ወጪ መቆጠብ የግድ ከሆነ ከሩዙ ከፊሉን በዳጉሳ ወይም በገብስ ይተኩ። ሦስት እጅ ጤፍና አንድ እጅ ዳጉሳ ጥሩ መነሻ ነው፤ እንጀራው ጠቆር ቢልም የጎጃም ሰው ለዳጉሳ እንግዳ አይደለም። የተጋገረ እንጀራ የሚገዙ ከሆነ ሻጯን ድብልቁ ምን እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ።

እርሾ የገባበት ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን መቆየቱ የራሱ ጥቅም አለው፤ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ ማዕድናቱ በተሻለ ወደ ደም ይገባሉ። ነገር ግን «እንጀራ የቦካ ስለሆነ ሕያው ባክቴሪያ ይሰጠናል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ሊጡን ያቦኩት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች በምጣዱ ግለት ይሞታሉ። እንጀራ የሚጠቅመን ለአንጀታችን ነዋሪዎች በሚያቀርበው አሰር ነው፤ ሕያዋኑን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል፣ በአምስተኛው ደረጃ እንመለስበታለን።

ስታርች ከበሰለ በኋላ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ለመፈጨት አስቸጋሪ ወደሆነ ዓይነት ስለሚለወጥ እንደ አሰር ሆኖ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ስለዚህ የማግስት እንጀራ ወይም ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች ከትኩሱ በመጠኑ ይሻላል፤ ጥቅሙ ግን አነስተኛ ነው፣ በእሱ ብቻ ተማምነው የእንጀራውን ቁጥር አያብዙ።

አራተኛ፦ ጥራጥሬን በየቀኑ ያስገቡ፣ መጠኑን በዝግታ ይጨምሩ

ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ንፍሮና ቆሎ የአንጀት ባክቴሪያ ዋና ቀለብ ናቸው። ሽሮ ለመሥራት አተሩ፣ ሽምብራው ወይም ባቄላው ሲከካ ልባሱ ስለሚወገድ አሰሩ ይቀንሳል፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ያልተከካውን ድፍኑን ምስር፣ ንፍሮ ወይም የባቄላ አሹቅ መብላት ያንን ይክሳል። በጓያ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በደንቢያና በፎገራ አካባቢ በስፋት ስለሚዘራና ርካሽ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ ሊደባለቅ ይችላል። አልፎ አልፎ ቢበላ አያሳስብም፣ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን የሚያሽመደምድ ሕመም ያመጣል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከሁሉም በላይ የተናቀው ግብጦ ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ በደከመ መሬት ላይ ሳይቀር የሚበቅለው ይህ ጥራጥሬ ፕሮቲኑና አሰሩ ብዙ፣ ስታርቹ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለስኳር ሕመምተኛ የተመቸ ነው፤ እኛ ግን የጠላ ቤትና የአረቄ ቤት ማላመጃ አድርገን ትተነዋል። ጥሬው መራራና ጎጂ ነው። በውስጡ ያለው አልካሎይድ አፍን ያደርቃል፣ ዓይንን ያደበዝዛል፣ ያዞራል፤ ስለዚህ አዘገጃጀቱ አቋራጭ አይፈቀድበትም።

ግብጦውን ለቅመው ካጠቡ በኋላ በብረት ምጣድ ላይ ፈዘዝ ባለ እሳት ቡናማ መልክ እስኪይዝ ያምሱት። ገጠር ላይ ከዚህ በኋላ በጆንያ አስረው ወራጅ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዝፉታል፤ ከተማ ላለ ሰው ግን ክዳን ያለው ባልዲ ይበቃል። ግብጦውን ከሦስት እጥፍ በሚበልጥ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉ፣ ውኃውን ጠዋትና ማታ ደፍተው በአዲስ ይተኩ፣ ይህንንም ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ያድርጉ። ግብጦው ሲበላ ዳግመኛ ስለማይበስል ውኃው ንጹሕ የቧንቧ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን እንጂ ከሐይቁ የተቀዳ አይሁን። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ከባልዲው ሥርም ከላይም አንዳንድ ፍሬ አንሥተው ይቅመሱ፤ አንዱ እንኳን ምላስ ላይ መራራነት ካስቀረ ይተፉት፣ ዝፍዘፋውም ይቀጥል። የተደፋውን ውኃ ከብት እንዳይጠጣው ይጠንቀቁ። ምሬቱ ፈጽሞ ሲለቅ ጨው ነስነስ ተደርጎበት ይበላል፤ ልባሱ አሰር ስለሆነ ሆድዎ ከቻለው አይላጡት። ለለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ለግብጦም ሊኖረው ስለሚችል አይሞክረው።

አሁን ስለ መጠን። ጥራጥሬ ብዙም የማይበላ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያበዛው ሆዱ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፤ ጋዙ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ውጤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ የቡና ስኒ የሚሞላ ንፍሮ ወይም ግብጦ ብቻ ይጨምሩ፣ በየሳምንቱ አንድ ስኒ እያከሉ እስከ ሦስት ስኒ ይድረሱ፣ ውኃም አብሮ ይብዛ። ነፋቱ ከበረታ ወደኋላ አንድ እርምጃ መመለስ እንጂ ጨርሶ መተው አያስፈልግም። ነፋቱ ከክብደት መቀነስ፣ ከደም ጋር የተቀላቀለ ሰገራ ወይም ከብርቱ ቁርጠት ጋር ከመጣ ግን ጉዳዩ የጥራጥሬ አይደለምና ሐኪም ያማክሩ።

አምስተኛ፦ ሕያው የሆነ የቦካ ምግብ ይጨምሩ

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ለ10 ሳምንት እርጎና መሰል የቦኩ ምግቦችን በብዛት የተመገቡ ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት እንደበዛ፣ በደማቸው የሚታዩ የብግነት ምልክቶችም እንደቀነሱ አሳይቷል። ጥናቱ አነስተኛ ነበር፤ አቅጣጫውን ግን ለመከተል ወጪም ጉዳትም የለበትም።

በእኛ ጓዳ ይህን ቦታ የሚይዙት እርጎ፣ አሬራና በጾም ወቅት ስልጆ ናቸው። አይብ አሬራው ሞቆ ስለሚሠራ ሕያዋኑ አብዛኞቹ ያልቃሉ፤ ጥሩ ምግብ ቢሆንም በዚህ ረድፍ አይቆጠርም። ስልጆ ከሱፍ ውኃና ከባቄላ ዱቄት በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭና ቅመም ተጨምሮበት ስለሚቦካና ዳግመኛ ስለማይሞቅ፣ ለጿሚ ሰው ከእርጎ የማይተናነስ አማራጭ ነው።

እርጎ ሲያዘጋጁ ጥሬ ወተት አያርጉ። ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፉት በጥሬ ወተት ነው፣ መርጋቱም አስተማማኝ አድርጎ አይገድላቸውም። ወተቱን አንድ ጊዜ ፈንፍኖ እስኪነሣ ያፍሉት፣ ከዚያ ንጹሕ ትንሽ ጣት ሲነከርበት ሞቅ ብሎ ግን ሳያቃጥል እስኪሰማ ያቀዝቅዙት። የፈላ ወተት የራሱ ባክቴሪያ ስለማይቀርለት እንደ ድሮው ዝም ብሎ ቢቀመጥ አይረጋም፣ ቢረጋም በማይታወቅ ተሕዋስ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ መነሻ ይጨመርበታል። መነሻውን በዚሁ መንገድ ከምታዘጋጅ ጎረቤት ወይም ስኳር ካልገባበት የፋብሪካ እርጎ ማግኘት ይቻላል። ዕቃውን አስቀድመው በወይራ ይጠኑት፤ ጭሱ ጣዕም ከመስጠቱ ሌላ አበላሽ ተሕዋስያንን ይቀንሳል። ከድነው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሳይነቀንቁ ያሳድሩት። በባሕር ዳር ሙቀት በአብዛኛው ለጠዋት ይደርሳል፣ በክረምት ግን እስከ ቀትር ሊያዘገይ ይችላል። አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ነጠብጣብ ካዩበት ላዩን ገፈው ለመብላት ሳይሞክሩ ሁሉንም ይድፉ። በቀን አንድ ብርጭቆ፣ ያለ ስኳር፣ ይበቃል።

ስድስተኛ፦ የሚጠጣ ስኳርን ይቀንሱ፣ ተልባንና ፍራፍሬን ይተኩ

የሚጨመር ስኳርን በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ በታች ማድረስ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተሻለው ልክ ነው። በየሻዩ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው ሁለተኛውን ሻይ ሲጨርስ ወሰኑ ላይ ደርሷል። ሻይ ቤት ሻዩ ከነስኳሩ ተቀድቶ ስለሚመጣ፣ ሲያዝዙ «ያለ ስኳር» ማለትን ይልመዱ። ቡና ግን መቀነስ የለበትም። በውስጡ ያሉት ክሎሮጄኒክ አሲድና መሰሎቹ ትልቁ አንጀት ደርሰው ባክቴሪያን ይቀልባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሰፊ ጥናትም ቡና ጠጪዎች አንጀት ውስጥ በጉልህ የሚበዛ አንድ የባክቴሪያ ዝርያ እንዳለ አሳይቷል። የዘጌውን ቡና በሦስቱም አቦል፣ ቶናና በረካ ይጠጡት፤ ስኳሩን ብቻ ይተዉት።

ተልባ ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ ሲቆይ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ሟሚ አሰር ነው፤ ስኳር ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባም ያዘገያል። በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ ስኳር ወይም ማር ከገባበት ግን ዓላማው ይስታል። ማንጎና ፓፓያ ጭማቂ ሆነው ከመጠጣት ተቆርጠው ቢበሉ ይሻላል፤ ዘይቱን ከሁለቱም ይልቅ አሰር አለው፣ በወቅቱም ርካሽ ነው።

ሰባተኛ፦ ጾሙንና ፍስኩን በጥንቃቄ ያስኬዱ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት በመሆኑ ለአንጀት ባክቴሪያ ከማንኛውም ጊዜ የተሻለ ሊሆን ይችል ነበር። የሚበላሸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ በነጭ ዳቦና በስኳር ሻይ ሲገደፍ፣ ወይም በዘይት የተጠበሰ ድንች ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ሲገድፉ በተልባ ወይም በበሶ ይጀምሩ፣ ቀጥሎ ጥራጥሬውንና ጎመኑን፣ እንጀራውን መጨረሻ ላይ ያብዙ። በፋሲካ ማለዳ ብዙ ቤተሰብ ተልባ ጠጥቶ ወደ ዶሮው የሚሄድበት ልማድ መልካም ነው፤ ጥራጥሬው ግን በፋሲካ ማግስት ከገበታ ጨርሶ እንዳይሰናበት። በረመዳን ለሚጾሙም ማፍጠሪያው ከሳምቡሳ በፊት በምስር ሾርባ ቢጀመር ነገሩ ያው ነው።

ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል፣ ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህል አይገኝም። በፍስክ ቀናት የጣና ቆሮሶ ወይም አምባዛ በሳምንት ሁለት ጊዜ መብላት ይህን ጉድለት ለመቀነስ ይረዳል፤ የእጅና የእግር መደንዘዝ ካለ ግን ምርመራ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ረጅም ሰዓት ከጾመ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከጾሙ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር።

ስምንተኛ፦ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ምርመራ አይውሰዱ

ሆድ ሲቆርጥ በቀጥታ ፋርማሲ ገብቶ ሜትሮኒዳዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን መግዛት በከተማችን የተለመደ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ጎጂውንና ጠቃሚውን አይለዩም፤ የተጎዳው የባክቴሪያ ማኅበር እስኪያገግም ሳምንታት አልፎም ወራት ይፈጃል፣ ከፊሉም ላይመለስ ይችላል። የሰገራ ምርመራ ያስቀድሙ። ሐኪም ያዘዘልዎትን ግን በታዘዘው ልክና ቀን ይጨርሱ።

ዘጠነኛ፦ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይለኩ

የባክቴሪያዎቹ ስብጥር አመጋገብ በተቀየረ በቀናት ውስጥ መለወጥ ይጀምራል፣ የደም ስኳር አማካይ ግን እንዲህ አይፈጥንም። ቻይና ውስጥ የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ አሰር የበዛበት አመጋገብ የስብ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎችን አበራክቶ የስኳር አማካይን ሲያሻሽል የታየው በ12 ሳምንት ነው። እስከዚያው ድረስ በየሳምንቱ ወገብዎን ብቻ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ይለኩ፣ ከምሳና ከእራት በኋላም በሐይቁ ዳር ወይም በሰፈርዎ ሩብ ሰዓት ይራመዱ፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳር ከደም ይወስዳልና ገበታው ያልጨረሰውን ይረዳል።

በሦስተኛው ወር ሁሉንም ልኬት ይድገሙና ከደብተሩ ያነጻጽሩ። ውጤቱ ቢሻሻልም መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ ወይም አይቀንስ፤ ደብተሩን ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ። ስኳሩ ከ126 በላይ ሆኖ ከቀጠለ፣ ወይም ጥማት፣ የሽንት መብዛትና ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት ካለ፣ ሦስት ወሩን ሳይጠብቁ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።